እናቲቱን አሳዩ፣ ግቢውን አታሳዩ፦ በመሀል አዲስ አበባ ቡችላ ለሚገዛና ለሚሸጥ

ቡችላ ሊገዛ ለተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ቤቱ ድረስ ሄደህ እናቷን ሳታይ እንዳትገዛ» የሚል ነው። ሊሸጥ የተነሳው ደግሞ «ለማታውቀው ሰው ግቢህን እንዳታሳይ» ይባላል። ሁለቱም ልክ ነው፤ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ላይ ይጋጫሉ። ከካዛንቺስ እስከ ኡራኤል፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ብዙ የውሻ ሽያጭ በቴሌግራም ተጀምሮ በስልክ ስለሚያልቅ፣ ይህን ግጭት መፍታት ያለባቸው ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። መፍትሔው በአጭሩ ይህ ነው፦ እናቲቱ በቪዲዮ ትታይ፣ ቡችላው በእንስሳት ክሊኒክ ይታይ፣ ግቢው ለማንም አይታይ። ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው።

ግቢ ማሳየት ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? «ቡችላ ለማየት ነው» ብሎ የገባ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የአጥሩን ከፍታ፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ ዘበኛ መኖር አለመኖሩን ያያል። ውሻ ያለበት ቤት ሲሆን ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል፦ ትልቁ ውሻ የት እንደሚታሰር፣ ለእንግዳ ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ከማያውቀው እጅ ምግብ ይቀበል እንደሆነ። የቤቱ ጠባቂ ራሱ ውሻው ከሆነ ይህን ማወቅ ቁልፉን ከመያዝ አይተናነስም። ስለዚህ ሻጩ «ቤቴ አትምጡ» ቢል አጭበርባሪ ነው ብሎ ወዲያው መደምደም አይገባም። አጭበርባሪ የሚያሰኘው ቤቱንም፣ ክሊኒኩንም፣ ቪዲዮውንም ሁሉንም እምቢ ሲል ነው።

ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ አድራሻቸውን የሚያጋልጡት በአፋቸው ሳይሆን በፎቷቸው ነው። ከቡችላው ጀርባ የቤት ቁጥር ሰሌዳ፣ የመኪና ታርጋ፣ ከአጥር በላይ ብቅ ያለ የታወቀ ሕንፃ ይታያል፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ከዚያ ተነስቶ በሩን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥራችሁ፣ መሬቱ ላይ ንጹሕ ጆንያ አንጥፋችሁ አንሱ፤ የቡችላው ጠጉርም በደንብ ይለያል። ሁለተኛው ነገር የፎቶው አላላክ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩ ጨምቆት ስለሚያልፍ በውስጡ የተቀመጠው የቦታና የሰዓት መረጃ ይወገዳል። «ፋይል» አድርጋችሁ ስትልኩት ግን እንዳለ ይሄዳል፤ የካሜራችሁ ሎኬሽን በርቶ ከነበረ የቤታችሁ መገኛ አብሮ ተላከ ማለት ነው። «ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላክልኝ» የሚል ገዢ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የካሜራውን ሎኬሽን አጥፍታችሁ አዲስ ፎቶ አንሱና እሱን ላኩለት። የክትባት ደብተር ስታሳዩ ደግሞ የባለቤቱ ስም፣ ስልክና አድራሻ ያለበትን ገጽ ሸፍኑ፤ ገዢው በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው የክትባቱ ገጽ ብቻ ነው።

ስልክ ቁጥር። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ፎን ነምበር» ግቡና ማን ያየዋል በሚለው ላይ «ኖባዲ» ምረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ከዚያው ሥር ቁጥራችሁን የያዘ ሰው አካውንታችሁን ያገኝ እንደሆነ የሚጠይቅ ሌላ ምርጫ አለ፤ እሱን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። ካላደረጋችሁት አንድ ቀን የደወላችሁለት ሰው ሁሉ ከነፎቷችሁ ያገኛችኋል። ደጋግሞ የሚሸጥ ሰው ለሥራው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሲም ቢያወጣ ጥሩ ነው። ሲሙ ለረጅም ጊዜ ካልተሠራበት ግን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ በዚያ ቁጥር የተከፈተው ቴሌግራም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን የይለፍ ቃል መክፈት ግዴታ ነው። ሌላው ማታለያ፦ «እውነተኛ ሻጭ መሆንህን ላረጋግጥ፣ አሁን የሚመጣልህን ቁጥር ላክልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። የሚመጣው ባለ 5 አኃዝ ቁጥር የእናንተው የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነው። ሰጣችሁት ማለት አካውንቱን ሰጣችሁት ማለት ነው፤ ከዚያ በእናንተ ስም ለሌሎች ገዢዎች ቀብድ ይጠየቃል።

ወደ ገዢው እንምጣ። በተሰረቀ ፎቶ የሌለ ቡችላ መሸጥ በጣም ቀላል ነው። ፎቶውን በጉግል ሌንስ (በፎቶ መፈለጊያ) መፈለግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ከውጭ አገር ገጽ የተወሰደ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ካልወጣ ግን አልተሰረቀም ማለት አይደለም፤ ከሌላ የቴሌግራም ቻናል የተወሰደ ፎቶ ሌንስ ላይ ላይገኝ ይችላል። የተሻለው መፈተኛ ቴሌግራም ላይ ያለችው ክቧ የቪዲዮ መልእክት ናት። ከጋለሪ ተመርጣ ሳይሆን እዚያው በካሜራ ተቀርጻ ስለምትላክ፣ አሮጌ ቪዲዮ በእሷ ማሳለፍ ይከብዳል። ሻጩ የዕለቱን ቀንና እናንተ የመረጣችሁትን አንድ ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ከቡችላው አጠገብ ያስቀምጥ፤ ከዚያ እናቲቱ ቡችሎቹን ስታጠባ ወይም ስትልስ በዚያው ቪዲዮ ላይ ያሳይ። እናት ናት የተባለችው ውሻ ጡቷ ካላበጠ ወይም ቡችሎቹን እየሸሸች የምታጉረመርም ከሆነ ጠይቁ፤ ጡት ከጣሉ ሳምንታት አልፈው ከሆነ ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሻጩም ከዚህ የሚጎዳው ነገር የለም፤ እናቲቱ በአንሶላው ፊት ለፊት ትታያለች፣ ግቢው አይታይም።

ለትልቅ ውሻ ፈተናው ሌላ ነው። ግቢ ካለው ቤት ተነስቶ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው የሚወደውን ውሻ ለመሸጥ ይገደዳል፤ የተሰረቀ ውሻም በዚሁ ሰበብ ይሸጣል። ባለቤት ከሆነ ከቡችላነቱ ጀምሮ የተነሱ፣ በተለያየ ጊዜና ልብስ የሚታይባቸው ፎቶዎች ስልኩ ውስጥ አያጣም፤ ውሻውም ስሙ ሲጠራ ጆሮውን ያቆማል። ሌባ ዋጋ ይቀንሳል፣ ዛሬውኑ ውሰድ ይላል፣ ውሻውን በስሙ አይጠራም። በግማሽ ዋጋ የተገኘ አዋቂ ጀርመን ሼፐርድ ሲያጋጥማችሁ እኔ ብሆን እነዚህን ነገሮች ሳላጣራ ገመዱን አልጨብጥም።

መገናኛ ቦታ። የእንስሳት ክሊኒክ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለሁለቱም ወገን ገለልተኛ ነው፣ ሰው አለበት፣ ቡችላውም እዚያው ይመረመራል። ገዢው ክሊኒኩን ቢመርጥ ሻጩ ሰዓቱን ይምረጥ፤ የምርመራውን ክፍያ ገዢው ቢሸፍን ተገቢ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቅጠሩ፤ 11 ሰዓት ላይ የተቀጠረ ሰው በትራፊክ ተይዞ ሲደርስ መሽቶ ነው፣ ክሊኒኩም ዘግቷል፣ ሁሉም ነገር መንገድ ላይ በጥድፊያ ያልቃል። ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ሕዝብ መሀል መገናኘት ደህና ይመስላል፤ ሆኖም ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ የመንገድ መሬት መርገጥ የለበትም። የፓርቮ ቫይረስ በታመመ ውሻ ሰገራ ወጥቶ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። መንገድ ዳር ታቅፎ የሚሸጥ ቡችላ ላይም አደጋው ይኸው ነው። ዛሬ የሚዘል ቡችላ ቫይረሱን ከያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማስታወክና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ ያን ጊዜ ሻጩ የለም።

ክሊኒኩ ውስጥ ከሐኪሙ ጋር የምታዩት ይህ ነው። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። ዕድሜውን ጥርሱ ይናገራል፦ በ8 ሳምንት ገደማ 28ቱም የወተት ጥርሶች ይወጣሉ፤ «2 ወር ሞልቶታል» ተብሎ የኋለኛው ድዱ ገና ባዶ ከሆነ ያለጊዜው የተነጠቀ ነው። የፊት ጥርሱ ወልቆ ትልልቁ መተካት ከጀመረ ደግሞ ወደ 4 ወር ተጠግቷል። ድዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። የሰውነቱ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጎድን አጥንቱ እየታየ ሆዱ ብቻ የተነፋ ከሆነ ጠገበ ማለት አይደለም፤ ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላል። ትል ማስወገጃው ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መሰጠት ያለበት ነገር ነው፤ ሻጩን መጨረሻ የሰጠው መቼ እንደሆነ ጠይቁት።

የክትባት ደብተሩን አገላብጣችሁ እዩ። እያንዳንዱ መርፌ የክትባቱ ተለጣፊ ወረቀት፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ቀኖቹን ከዕድሜው ጋር አስተያዩ፦ የፓርቮና የዲስቴምፐር (የሌላው ገዳይ የውሻ ቫይረስ) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን በተለምዶ በ3 ወር ነው። የ7 ሳምንት ቡችላ ደብተር ላይ «ሁሉንም ጨርሷል» ተብሎ ከተጻፈ ወይ ዕድሜው ወይ ደብተሩ ውሸት ነው። ማኅተሙ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ፈልጉት፣ ሻጩ የሰጣችሁን አትደውሉ።

አንዳንዴ ቤት መሄድ አይቀርም፤ ለምሳሌ ስድስት ቡችላ ያለው ሻጭ ሁሉንም ክሊኒክ ማመላለስ አይችልም። እንዲህ ሲሆን ሻጩ መጀመሪያ የአካባቢውን ምልክት ብቻ ይስጥ፤ ገዢው እዚያ ሲደርስ ደውሎ ይቀበለው። «ላይቭ ሎኬሽን» አትላኩ። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ አዋቂ ይኑር፤ ገዢዎቹ ከሁለት አይብለጡ። ቡችሎቹ ከበሩ አጠገብ ወዳለ ቦታ ይውጡ እንጂ እንግዳው ወደ ጓሮ አይዝለቅ። «ቀን ቀን ማንም የለም፣ ለዚያ ነው የምንሸጠው» አይባልም። ገዢው በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ቡችላ ሲነካካ ከዋለ አይግባ፤ ፓርቮ በጫማና በእጅ ይጓዛል። ለጫማ መንከሪያ 1 የቡና ስኒ በረኪና በ30 ስኒ ውሃ በጥብጡ፤ ጫማው አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፣ ምክንያቱም ጭቃና ሰገራ ካለበት በረኪናው ኃይሉን ያጣል። 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት።

ገንዘብ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በጥድፊያ ነው። የገዢው ስልክ ላይ የሚታይ «ተልኳል» የሚል ስክሪን ሹት ገንዘብ አይደለም፤ በተለመደ የግለሰብ ቁጥር የመጣ «ብር ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክትም አይደለም። ሻጩ በራሱ ስልክ ሒሳቡን ይይ፤ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# አለ። «ኔትወርክ ነው፣ ይደርስሃል» ከተባለ እስኪደርስ ቡችላው ክሊኒክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ ማታለያ አለ፦ የሐሰት መልእክት ይላክና «5,000 ብር በስህተት ጨምሬ ልኬአለሁ፣ ትርፉን መልስልኝ» ይባላል። ሒሳባችሁ ውስጥ ሳታዩ የመለሳችሁት ብር የራሳችሁ ነው። ቁጥሩ እንዲታወቅ የማይፈልግ ሻጭ ከቴሌብር ይልቅ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢሰጥ ይሻለዋል፤ ስሙ ይታያል እንጂ ስልኩ አይታይም። ጥሬ ብር ይዞ መሀል ከተማ መዞርን አልመክርም።

ቀብድ በእኛ ሕግ ቁም ነገር ያለው ቃል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ሲልክ በቴሌግራሙ ላይ «ቀብድ» ብሎ መጠኑን፣ የትኛው ቡችላ እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚጠበቅለት ይጻፍ። «ለመያዣ» እና «ለትራንስፖርት» እየተባለ የሚላክ ገንዘብ ኋላ ምን እንደነበር ለማስረዳት ያስቸግራል። ከክቧ ቪዲዮ በፊት ደግሞ አንድ ብር አትላኩ።

ርክክቡ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ቀንና ሰዓት፣ ዋጋ፣ የቡችላው ጾታ፣ መልክና ልዩ ምልክት፣ የተሰጡት ክትባቶች፣ በ7 ቀን ውስጥ ሐኪም «ፓርቮ ነው» ካለ ምን እንደሚደረግ፣ የሁለቱ ስምና ፊርማ፣ ሁለት እማኝ። ሰዓቱ ያለምክንያት አልተጨመረም። በዚያው ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ አምልጦ ያደረሰው እንኳ ቢሆን። ማታ የሸጣችሁት ውሻ በማግስቱ ሰው ቢነክስ የማን እንደነበር የሚመሰክረው ይህ ወረቀት ነው። መታወቂያ በአካል ማየት ተገቢ ነው፤ የፋይዳ ካርድ ፎቶ በቴሌግራም መላክ ግን አያስፈልግም። የግድ ከተባለ ፎቶው ላይ አቋርጦ «ለውሻ ሽያጭ ብቻ» ከነቀኑ ይጻፍበትና የፋይዳ ቁጥሩ ይሸፈን። ደላላ በመሀል ካለ የሁለታችሁም ቁጥር እሱ ጋ እንደሚቀር አስቡ፤ ኮሚሽኑንም አስቀድማችሁ ቁረጡ።

ቡችላ ስትፈልጉ ኤሊ፣ ጦጣ ወይም «ለማዳ እባብ» ቢቀርብላችሁ አትግቡበት። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም አይቻልም፤ ፈቃዱ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። እባብ ላይ ደግሞ ስህተቱ ሕይወት ያስከፍላል። «የዘንዶ ግልገል» ተብሎ በፎቶ የቀረበው እፉኝት ሊሆን ይችላል፤ የእፉኝት ግልገል ከተወለደበት ቀን ጀምሮ መርዝ አለው።

ጉዞው። ከጉዞው በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ሰዓታት ውስጥ ቡችላው ምግብ አይብላ፤ ያስመልሰዋል። ጎንና ጎኑ የተበሳ ካርቶን፣ ሥሩ ጋዜጣና አሮጌ ፎጣ ይበቃዋል። በራይድ ወይም በፈረስ (በስልክ መተግበሪያ በሚጠሩ ታክሲዎች) ስትሄዱ ለሾፌሩ ውሻ መኖሩን አስቀድማችሁ ንገሩት። መውረጃውን በራችሁ ላይ ሳይሆን ጥቂት ቀደም ብሎ ባለ የታወቀ ቦታ አድርጉ፤ በተለይ ሻጩ ራሱ መኪና ጠርቶላችሁ ከሆነ መድረሻው እሱ ስልክ ላይ ይቀራል።

ሽያጩ ሲያልቅ ሻጩ ማስታወቂያውን ከየግሩፑ ያጥፋ፤ ገዢው የቡችላውን ፎቶ ከሻጩ ስምና ሰፈር ጋር አይለጥፍ። የተላላካችሁትን ሎኬሽንና የመታወቂያ ፎቶ ለሁለታችሁም በሚጠፋበት መንገድ ሰርዙ። አንድ ነገር ግን አትሰርዙ፦ የሌላውን ወገን ስልክ ቁጥር። ከ3 ወር በታች ያለ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ የእብድ ውሻ ክትባት አልወሰደም፤ በሽታው ደግሞ በውሻ ላይ ምልክት ለማሳየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 6 ወር ይወስዳል። ቡችላው ጠባዩ ተለውጦ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያገኘውን መንከስ ከጀመረ ሻጩ በዚያው ቀን ሊነገረው ይገባል፤ እናቲቱም፣ ሌሎቹ ቡችሎችም፣ ሲያጫውቷቸው የነበሩት ልጆችም እሱ ቤት ናቸው። የተነከሰ ወይም ቁስሉ ላይ ምራቅ የነካው ሰው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብና ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። የነከሰው ውሻ ደህና ከመሰለ አይገደል፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥ፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ስለዚህ ቁጥሩን ቢያንስ ለ6 ወር አቆዩት።